በድምፅ ማጉያ ያልተጠራው ጨዋታ

በደሉ ይህ ነው። የሰፈራችን ሴት ልጆች ክረምቱ ከወጣ ጀምሮ እሁድ እሁድ ኳስ ሲጫወቱ፣ ቡሬ መናኸሪያው አጠገብ ባለ አንድ ሙዚቃ ቤት በር ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ አንድም ቀን በደግ አልጠራቸውም። ዝም ማለቱ ብቻ ቢሆን እኔም ዝም ባልሁ። እርሱ ግን ሰው እንዳይሄድላቸው መከረባቸው። ይህ ተጽፎ እንዲቀመጥ እፈልጋለሁ። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ እጄም ቀርፋፋ ነው፤ የበደል ነገር ሲሆን ግን ቀርፋፋ እጅም ይደርሳል።

ድምፅ ማጉያውን ለማያውቅ ሰው ልንገር። በገበያ ቀን የሙዚቃ ቤቱ ልጅ ዘፈኑን ቀነስ ያደርግና ማይኩን ይዞ የሳምንቱን ወሬ ይናገራል። የትኛው ቤት አዝማሪ እንዳለ፣ የውጭ አገር ኳስ የትኛው ቤት በዲሽ እንደሚታይ፣ የፍኖተ ሰላም ወጣቶች መጥተው ከእኛ ወጣቶች ጋር የሚጋጠሙት መቼ እንደሆነ ከእርሱ ይሰማል። «እንዳያመልጣችሁ!» ካለ ሰው ይሄዳል። «ይቅርባችሁ» ካለ ይቀራል። ከሽንዲ እህል ጭኖ የመጣ ገበሬ ሳይቀር አህያውን አቁሞ ያዳምጠዋል። ልጁን ከሕፃንነቱ አውቀዋለሁ፤ እናቱ ጓደኛዬ ናት፣ እድራችንም አንድ ነው። አፉ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው፤ ይህን አልክደውም።

መምከሩን አልጠላሁበትም። እኔም እመክራለሁ። ከቤቴ የተረፉትን ክፍሎች ከጎንደርም ከወሎም ለመጡ አስተማሪዎች አከራያለሁ፤ በዓል ሲደርስ «እማማ፣ የት ሄደን እንይ?» ይሉኛል። የገና ጨዋታ ማየት የፈለገ ከከተማው ወጥቶ የገበሬዎቹ መስክ ይሂድ እላለሁ፤ የከተማው ልጆች የገናውን ዱላ የሚይዙት ለፎቶ ነው። በጥምቀት ጉግስ የሚያይ ከዛፍ ሥር ይቁም፣ ከመንገዱ ጠርዝ ግን አይቁም፤ ፈረስ ሲዞር ሰው አይመርጥም። አዝማሪ መስማት የሚፈልግም ሰዉ ገና ሳይሞቀው በጊዜ ይግባ፤ ከሞቀው በኋላ የሚሰማው የአዝማሪው ግጥም ሳይሆን የሰካራሙ ነው። ይህን ሁሉ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ያላየሁትን ሲጠይቁኝ «አላየሁትም፤ እናንተ አይታችሁ ንገሩኝ» እላለሁ። ሌላ ዘዴ የለኝም።

እንግዲህ አንድ የገበያ ቀን ከልጅ ልጄ ጋር ዶሮ ልንሸጥ ወጣን። የልጅ ልጄ የሴቶቹ ቡድን በረኛ ናት፤ እጆቿ እንደ እኔ ረጃጅም ናቸው። ከድምፅ ማጉያው ፊት ስንደርስ ልጁ የወንዶቹን ጨዋታ አሞግሶ ጨረሰና እንዲህ አለ፤ «የሴቶቹም ኳስ አለ ይላሉ። እኔ ግን ፀሐይ ላይ ከምትቆሙ ቤታችሁ ተኙ ብዬ ነው የምመክራችሁ!»

ገበያው ሳቀ። ጨው ሻጩ ሳቀ፣ ሸማቹ ሳቀ። የልጅ ልጄ ዶሮዎቹን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረችና የታሰረውን እግራቸውን እንደገና ታጠብቀው ጀመር። ጠብቆ የታሰረ ነበር።

ዶሮዎቹን ለእርሷ ትቼ ወደ ሙዚቃ ቤቱ ገባሁ።

«ታውቀኛለህ?» አልሁት።

«እንዴት አላውቅዎትም እማማ! የእናቴ ጓደኛ አይደሉ?»

«እንግዲያው ንገረኝ። የልጆቹን ጨዋታ አትሂዱ ያልኸው ለምንድን ነው?»

«ሰው የማይሄድበትን ነገር ሂዱ ብዬ ብጠራ ነገ ማን ያምነኛል?»

«‹ሳይጠሩት አቤት ሳይልኩት ወዴት› ሲባል አልሰማህም? ያልጠራኸው ሰው እንዴት አድርጎ ይምጣ?»

ሳቀ። «ነገሩ እማማ፣ ጨዋታቸው ቀዝቃዛ ነው። ሰው ይሰለቸዋል።»

«በምን አወቅህ?»

ዘፈኑን ከፍ አደረገው። ደግሜ ጠየቅሁት፤ ጆሮውን እያሳየ አልሰማም ብሎ በእጁ ነገረኝ። እኔም ወጣሁ። መልስ ሳላገኝ ከሰው ቤት ስወጣ ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነበር።

ያ ስድብ በሳቅ ብቻ ቢያልቅ ምን ነበር። በዚያው እሁድ የቀበሌው የስፖርት ኃላፊ ሜዳው ድረስ በሞተር መጣ። ተመልካች ብሎ ያገኘው እኔን፣ አንዲት አስተማሪ ተከራዬንና የሰው ጥጆችን ነው። ሞተሩን ሳያጠፋ ነገረኝ።

«እማማ፣ ወጣቶቹ የእሁድ ከሰዓቱን ሜዳ ለእኛ ይሰጠን እያሉ ነው። ሜዳ ያለን ይህ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ የምሰጠው ሰው ለሚያየው ነው። በሚመጣው እሁድ ልጆቹ ከሽንዲ ቡድን ጋር ይጫወታሉ፤ መጥቼ አያለሁ። ተመልካች ካለ ሜዳው የእነሱ፣ ከሌለ የወንዶቹ።»

«ወንዶቹ በድምፅ ማጉያ ይጠራላቸዋል፣ ሴቶቹ ይሰደብባቸዋል። ከዚያ በኋላ ሰው ቆጥረህ ልትፈርድ ነው? ይህ ፍርድ ነው?»

«ምን ላድርግ እማማ፣ ድምፅ ማጉያው የመንግሥት አይደለም» ብሎ ሄደ።

ልጆቹ በሌላው ቀን ትምህርትም የቤት ሥራም አለባቸው። እሁድን ካጡ ኳሱን አጡ ማለት ነው። የልጅ ልጄ ያን ምሽት ማሊያዋን አጥባ እያሰጣች፣ «እምዬ፣ ይተዉት በቃ። እርስዎ ብቻዎን ሕዝብ አይሆኑም» አለችኝ።

«ሕዝቡን እኔ አመጣዋለሁ። አንቺ ኳሱን ያዢ» አልኋት። እንዴት እንደማመጣው ግን አላውቅም ነበር።

ሳምንቱን ሙሉ አሰብሁበት። ቤት ለቤት ብዞር እግሬ አይደርስም። በሰፈራችን ሁሉም ቤት የሚደርስ ድምፅ ከሙዚቃ ቤቱ ሌላ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም የእድራችን ጥሩንባ። ሰው ሲሞት አንድ ሽማግሌ ሰፈሩን እየዞሩ ይነፉታል፤ ነፍተው ሲያበቁ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይናገራሉ። ቅዳሜ ማታ ቤታቸው ሄድሁ።

«ጋሼ፣ ነገ ከቅዳሴ መልስ ሰፈሩን ዞረው የልጆቹን ጨዋታ ይናገሩልኝ።»

«በአፌ?»

«በአፍዎ።»

«እትዬ፣ እኔን እኮ ሰው የሚሰማኝ ጥሩንባውን ስነፋ ነው። ሳልነፋ ብናገር ሚስቴም አትሰማኝ።»

«እንግዲያው ትንሽ ይንፉ።»

«ጥሩንባ ትንሽ የለውም» አሉ። ጥቂት አሰቡና ግን እሺ አሉኝ። የእርሳቸውም የልጅ ልጅ ከቡድኑ ውስጥ አለች።

በነጋታው ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤቴን ቆልፌ ቀድሜ ወደ ሜዳው ወረድሁ። ከብት አባረርሁ፣ ከግቡ አፍ ላይ ድንጋይ መልቀም ጀመርሁ። ጥሩንባው ሲነፋ ከሩቅ ሰማሁት። ደስ አለኝ። ያላሰብሁትን ነገር አሁን ልናገር። ጥሩንባ ነፊ በልማዱ መንፋት የሚጀምረው ከሟች ደጅ ነው፤ ሰዉም ጥሩንባው ከየት እንደተነሳ አዳምጦ የማን ቤት እንደሆነ ያውቃል። እኒህ ሽማግሌ መልእክቱ የእኔ ነው ብለው ከእኔ ደጅ ጀመሩ። ቤቴም ተቆልፏል። ሰፈሩ ጥሩንባውን ሰማ፣ ደጄን አየ፣ የቀረውን ንግግር ማን ይጠብቃል? ነጠላውን አዘቅዝቆ ወጣ። «ወዴት ነው?» ያለ ሁሉ «ወደ ሜዳው» ተባለ፤ ያንን ደግሞ ሽማግሌው በትክክል ተናግረዋል።

መጀመሪያ የደረሰችው የድምፅ ማጉያው ልጅ እናት፣ ያች ጓደኛዬ ናት። እያለቀሰች፣ ደረቷን እየመታች ቁልቁለቱን ወረደች።

«እህቴን! እህቴን! ምነው እኔን በወሰደኝ!»

ቀና ብዬ አየኋት። እርሷም አየችኝ። እጇ ደረቷ ላይ ቀረ።

«ቆመሽ?» አለችኝ።

«ጎንበስ ብዬ ነበር፤ አሁን ቆምሁ።»

«አልሞትሽም?»

«ጊዜ የለኝም። ድንጋይ እየለቀምሁ ነው።»

ጀርባዬን በቡጢ መታችኝ። ቀጥላ አቀፈችኝ። ከዚያ ደግማ መታችኝ። ከኋላዋ ሰፈሩ በሙሉ እየወረደ ነበር። ወንዶቹ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ሴቶቹ ጥለታቸውን ወደ አንገታቸው አዙረው፣ የእድሩ ጎረምሶች ድንኳኑንና አግዳሚ ወንበሮቹን ተሸክመው። ከወንበር ተሸካሚዎቹ አንዱ ማን ይሁን? ያ ማይክ ያዥ ልጅ! እናቱ ለቀብሬ ልካው ኖሯል። እኔን ሲያይ አፉን ከፈተ፤ ያ ሁሉ ንግግር የሚያውቅ አፍ አንድ ቃል አጣ።

«ጎበዝ፣ ወንበሩን ፊት ለፊት አስቀምጠው» አልሁት። «ድንኳኑንም ትከሉት። ፀሐይ አለ ስትል ነበር።»

የእድሩ ሰብሳቢ ግን አልሳቁም። ዱላቸውን መሬት ላይ እየተከሉ፣ «እመት፣ እድር መጫወቻ ሆነ? ሰው ሥራውን ትቶ፣ እንባውን አፍስሶ!» አሉ።

«እንባው አይባክንም ጌታዬ፤ ስሞት ይቀነስልኛል።»

ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። ግማሹ ፊቱን አዙሮ ወደ ዳገቱ አለ። በዚያው ቅጽበት የስፖርት ኃላፊው ሞተር ከላይ ሲመጣ ተሰማኝ፤ የሽንዲ ልጆችም ከመኪናቸው እየወረዱ ነበር። የልጅ ልጄ ከግቡ መሐል ቆማ ታየኛለች። ሰዉ ከሄደ ሁሉም ነገር አለቀ ማለት ነው። አግዳሚው ላይ ወጣሁ። ጓደኛዬ ቀሚሴን ይዛ ደገፈችኝ።

«ስሙኝ!» አልሁ። «ጥሩንባው የተነፋ ለእነዚህ ልጆች ነው፤ ሞተች ያለ የለም፣ ሞተች ያላችሁ እናንተ ናችሁ። እነዚህን ልጆች ገበያ መሐል አትሂዱላቸው ተብሎ ተሳቀባቸው። ዛሬ ሰው ካላያቸው ሜዳውን ይነጠቃሉ። ለሞቴ ከሆነ ድንኳን ተሸክማችሁ ቀኑን ሙሉ ትቆዩልኝ ነበር። አሁን በሕይወቴ ሳለሁ አንድ ጨዋታ ቆዩልኝ። ይህን እምቢ ያለ ሰው እውነተኛው ቀን ሲመጣ ቤቱ ይቀመጥ፤ አልቀየምም!»

ከሴቶቹ መሐል አንዷ፣ «ኧረ ቁጭ እንበል፤ ወንበሩም ከመጣ» አለች። የሄዱት ተመለሱ፤ ጎረምሶቹም ድንኳኑን ተከሉ። ሰብሳቢው ራሳቸው የቆሙበትን ፀሐይ አይተው፣ ድንኳኑ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ለቀስተኛ እንዲያ ተደርድሮ ሲቀመጥ አይቼ አላውቅም። የስፖርት ኃላፊው ሞተሩን አጠፋና ራስ ቁሩን እንኳ ሳያወልቅ፣ «ድንኳን ጭምር!» አለ።

ጨዋታው ተጀመረ። የሽንዲ ልጆች እግራቸው ብርቱ ነው፤ ኳሱን ሲመቱት ከድንኳኑ ውስጥ ይሰማል። የእኛዎቹ ደግሞ ያን ሁሉ ሰው ሲያዩ መጀመሪያ ደነገጡ፣ ኳሱን ለማን እንደሚሰጡ ጠፋቸው። ሕዝቡም ጨዋታውን አያውቅ። ጓደኛዬ የልጅ ልጄ ኳሱን በእጇ ስትይዝ አይታ ተነሳች።

«ዳኛው ዕውር ነው እንዴ? ቅድም ያችኛዋ በእጇ ብትነካ አፏጨባት፣ ይችን ዝም አላት! አድልዎ ነው!»

«እርሷ በረኛ ናት። ይፈቀድላታል» አልኋት።

«የእኛ ስለሆነች ነው?»

«የእነሱም በረኛ ይፈቀድላታል።»

«እንግዲያው ደግ ሕግ ነው» ብላ ተቀመጠች።

ከዕረፍት በፊት የጥሩንባ ነፊው የልጅ ልጅ ከቀኝ በኩል ሮጣ፣ አንዷን አልፋ፣ ሌላዋን አልፋ መታችው። ግቡ መረብ የለውም፤ ኳሱ በመሐሉ አልፎ ድንኳኑ ውስጥ ገባና ሰብሳቢው እግር ሥር ቆመ። ሰብሳቢው ኳሱን አዩት። ሰዉ ሰብሳቢውን አየ። ጋቢያቸውን ሰብስበው በጫማቸው ጫፍ መልሰው መቱት፤ ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ሽማግሌው ጥሩንባ ነፊ ጥሩንባቸውን ወደ አፋቸው ሲያነሱ ሰብሳቢው፣ «ተው!» አሏቸው። ጥሩንባው ወረደ፤ ሽማግሌው ግን ባዶ እጃቸውን እያነሱ ዘለሉ።

ከዕረፍት በኋላ የሽንዲ ልጆች አስጨነቁን። ሊያልቅ ሲል ከግባችን አጠገብ አንዲት የእኛ ልጅ የእነሱን ጠልፋ ጣለች። ዳኛው ሪጎሬ አለ። ሪጎሬ ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቁት ለማያውቁት ነገሩ፤ አንዲት ልጅ ትመታለች፣ በረኛዋ ብቻዋን ትቆማለች። ያን ጊዜ ድንኳኑ በእውነት ልቅሶ ቤት መሰለ። ማይክ ያዡ ልጅ ከወንበር ተነስቶ እስከ መስመሩ ድረስ ሄዷል፤ ራሱን በሁለት እጁ ይዟል። የሽንዲዋ ልጅ ተንደርድራ መታች። የልጅ ልጄ ወደ ግራዋ ተዘረጋች፤ ያ ረጅም ክንዷ ሁሉ ተዘረጋ፣ ኳሱ በጣቷ ጫፍ ተገጭቶ ከግቡ ውጭ ወጣ።

እልልታው ከየት እንደተነሳ አላውቅም። ሴቶቹ ተነሱ። ጓደኛዬ ነጠላዋን ከአንገቷ ፈታ አወጣችና ጥለቱን ወደ ታች መልሳ ለበሰችው፤ እርሷን ያዩ ሁሉ እየፈቱ መልሰው ለበሱ። አፍታ ሳይቆይ በዚያ ድንኳን ውስጥ አንድም አዘቅዝቆ የለበሰ ሰው አልቀረም። ፊሽካው ሲነፋ አንድ ለዜሮ አሸነፍን። የሽንዲ ልጆች አስተማሪ እጄን ጨብጦ፣ «ለቀብር ነው የመጡት አሉን፤ የቀበሩት ግን እኛን ነው» አለኝ። ሳቅንለት። ደግ ሰው ነው፤ ልጆቹን ራት አብልተን ሸኘናቸው።

የስፖርት ኃላፊው ፊት ቆምሁ።

«ይህ ሁሉ ሰው ግን ለጨዋታ ነው የመጣው እማማ?»

«ለምን እንደመጣ ተወው። ለምን እንደቆየ ጠይቅ።»

ዙሪያውን አየ። ጎረምሶቹ ድንኳኑን ሲያፈርሱ ሴቶቹ ገና ስለ ሪጎሬው ይከራከሩ ነበር። «ሜዳው የልጆቹ ነው» አለ። «ወንዶቹ በጠዋት ይጫወታሉ።»

እድሩ ግን አልተወኝም፤ በሚቀጥለው ስብሰባ አቆመኝ። ሰብሳቢው «ጥሩንባ የሞት ነው፤ ለሌላ ነገር ከተነፋ ሞት ሲመጣ ሰው ጨዋታ መስሎት ይቀራል» አሉ። እውነታቸውን ነው። እውነት ሲሆን እቀበላለሁ፤ ተቀበልሁ። ከዚያ ግን ተነስቼ፣ «ለሞተ የሚጠራ አለን። ለሕያዋን ልጆች የሚጠራው ማነው?» አልሁ። ሁሉም ዞረው ያችን ጓደኛዬን አዩአት።

«እሱን ለእኔ ተዉት» አለች። ሰብሳቢው ጉባኤውን ሲዘጉ ዝግ ብለው፣ «የሚቀጥለው ከማን ጋር ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

በገበያው ቀን የልጅ ልጄን ይዤ ሙዚቃ ቤቱ ፊት ደረስሁ። ልጁ ከሩቅ ሲያየኝ ዘፈኑን ትቶ ወጣና ጎንበስ ብሎ ሳመኝ።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ በጆሮዬ።

«እኔ የጠየቅሁህ ይቅርታ አይደለም። በምን አወቅህ ብዬ ነው የጠየቅሁህ። ስድብህን ገበያው ሁሉ ሰምቶታል፤ መልሱን ለእኔ ለብቻዬ በጆሮዬ አትስጠኝ።»

የልጅ ልጄን አየ፤ እርሷም አፍጥጣ አየችው። ገባና ዘፈኑን አጠፋ። ዘፈን ሲጠፋ ሰው ቀና ይላል፤ ገበያው ቀና አለ። ማይኩን ያዘ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ እንዲህም አለ፤

«የሴቶቹን ኳስ አትሂዱ ብያችሁ ነበር። እማማ በምን አወቅህ ብለው ጠይቀውኛል። አላወቅሁም። አንድም ቀን ሄጄ አላየሁትም ነበር። አሁን አይቼዋለሁ፤ እሁድ ከሰዓት ሂዱ።»